ትልቁ ኮከብ ምን ያህል ይከብዳል?
ስለ ከዋክብት ክብደት የተደረገው ምርምር ታሪክ

መግቢያ

በጥር ወር መጨረሻ፥ ጨረቃ በሌለችበትና ሰማዩ በጠራበት ቀን፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከቡታጅራ ወይም ከወልቂጤ መብራት ራቅ ብሎ ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው፥ ከከዋክብት ሁሉ ደማቅ የሆነውን ሲርየስን ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ከእርሱ በታች በድምቀት ሁለተኛ የሆነው ካኖፐስ አለ። ከካኖፐስ በታች ደግሞ፥ ተራራ ካልከለለው፥ ከአድማሱ ብዙም ከፍ ሳይል ጢስ የመሰለ ደብዛዛ ነጭ ነገር ይታየዋል። ይህ ነገር ደመና አይደለም፤ ነፋስ አይወስደውም፤ በማግሥቱም በዚያው ሰዓት ከዚያው አጠገብ ይገኛል። ሊቃውንት ታላቁ የማጌላን ደመና ብለው የሰየሙት የከዋክብት ጭፍራ ነው፤ ከእኛም 160,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። እስከ ዛሬ ከተመዘኑት ከዋክብት ሁሉ ይከብዳል የሚባለው ኮከብ የሚገኘው በዚህ ደመና ውስጥ ነው።

ሁለቱ ከተሞቻችን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሚገኙ፥ ይህ የሰማይ ክፍል ለእኛ ከአድማስ በላይ 13 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በለንደን ወይም በፓሪስ ለሚኖር ሰው ግን ከቶ አይወጣለትም። እንግዲህ ስለዚህ ነገር የሚነገረውን ታሪክ ከሌላው ተማሪ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሚያደርገው አንድ ምክንያት አለ ማለት ነው።

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ፥ አንድ ኮከብ ሊደርስበት የሚችለው የክብደት ድንበር ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት ወዲህ የተሰጡትን መልሶች በየተራ ማሳየት፥ መልሶቹም ለምን እንደ ተለዋወጡ መመርመር ነው። ክብደት ስንል በኮከቡ ውስጥ ያለውን የቁስ ብዛት ማለታችን ነው። መለኪያችንም የእኛ ፀሐይ ናት። ፀሐይ ከምድር 333,000 ጊዜ ያህል ስለምትበልጥ፥ ከዋክብትን በኪሎ መቁጠር አይመችም፤ ስለዚህ «50 ፀሐይ»፥ «100 ፀሐይ» እያልን እንሄዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ዓይን የሚያየውና ሚዛን የሚለው

ስለ ብርሃናት መጠን መጠየቅ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሙሉው መጽሐፍ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክ፥ ስለ ብርሃናት በሚናገረው ክፍሉ የፀሐይ ብርሃን ከጨረቃ ብርሃን ሰባት እጥፍ እንደሚበልጥ፥ በመጠን ግን ሁለቱ እኩል እንደ ሆኑ ያስተምራል። ይህን የጻፈው ሰው ዓይኑ ያየውን በታማኝነት መዝግቧል፤ ፀሐይና ጨረቃ ለዓይን በእርግጥ እኩል ናቸውና። ዛሬ ግን ፀሐይ በስፋት ጨረቃን 400 እጥፍ ያህል እንደምትበልጣት፥ የምትርቀውም 400 እጥፍ ያህል ስለ ሆነ እኩል መስላ እንደምትታይ እናውቃለን። በክብደት ከሆነ ደግሞ ፀሐይ የጨረቃን 27 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ናት። እንግዲህ መታየት ሌላ፥ መመዘን ሌላ መሆኑን ከሁሉ አስቀድመን እንያዝ።

ኮከብ የሚመዘነው እንዴት ነው? በቡታጅራ ገበያ የማረቆ በርበሬ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ሚዛኑ ሁለት ሰሐን ከሌለው ሊመዝን አይችልም፤ በአንዱ ሰሐን በርበሬው፥ በሌላው ድንጋዩ መቀመጥ አለበት። ኮከብም እንደዚሁ ነው። ብቻውን ያለ ኮከብ በቀጥታ አይመዘንም፤ ጓደኛ ያስፈልገዋል። አይዛክ ኒውተን በ1687 ባወጣው የስበት ሕግ መሠረት፥ ሁለት አካላት እርስ በርስ ሲዞሩ የዙሪያቸው ስፋትና አንዱን ዙር የሚፈጁበት ጊዜ ከታወቀ ክብደታቸው ይታወቃል። ዊልያም ሄርሸል በ1803 አንዳንድ ጥንድ ከዋክብት በእርግጥ እርስ በርስ እንደሚዞሩ ባሳየ ጊዜ፥ የከዋክብት ሚዛን ተገኘ ማለት ነው።

ብዙዎቹ ጥንዶች ግን እጅግ ተቀራርበው ስለሚገኙ በቴሌስኮፕ እንኳ እንደ አንድ ነጥብ ይታያሉ። ለእነዚህ የረዳው ብርሃንን በየኅብሩ የሚለየው ስፔክትሮስኮፕ ነው። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ በብርሃኑ ውስጥ ያሉት መስመሮች ወደ ሰማያዊው፥ ሲርቅም ወደ ቀዩ ወገን ፈቀቅ ይላሉ። የሁለቱ መስመሮች በተራ ወዲህና ወዲያ ሲመላለሱ ከታዩ፥ ነጥቡ አንድ ቢመስልም ከዋክብቱ ሁለት ናቸው፤ ፍጥነታቸውም ይለካል።

በዚህ ዘዴ የካናዳው ጆን ፕላስኬት በ1922 ከኦርዮን በስተ ምሥራቅ የሚገኝ አንድ ደብዛዛ ኮከብ መርምሮ፥ ሁለት ከዋክብት እንደ ሆነና እያንዳንዳቸውም ከ60 ፀሐይ በላይ እንደሚከብዱ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ ከዚህ የሚከብድ ኮከብ አይታወቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ በተሻሉ መሣሪያዎች የተደረገው ምርመራ ግን ክብደታቸውን ዝቅ አድርጎታል። ይህ «ዝቅ ማለት» በታሪካችን ውስጥ ደጋግሞ ይመጣልና አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን።

2. የኤዲንግተን ስሌት

ከዋክብት ምን ያህል እንደሚከብዱ መለካት አንድ ነገር ነው፤ ለምን ከዚያ እንደማያልፉ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ መንገዱን የከፈተው እንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን ነው። በ1926 ስለ ከዋክብት ውስጣዊ አቋም ባሳተመው መጽሐፉ፥ ሰማዩ ዘወትር በደመና በተሸፈነ ዓለም የሚኖር የፊዚክስ ሊቅ፥ አንድም ኮከብ ሳያይ በስሌት ብቻ የከዋክብትን ክብደት ሊገምት እንደሚችል በምሳሌ አስረድቷል። በሐምሌና በነሐሴ ሰማይ ለሳምንታት ተሸፍኖ ለሚቆይባቸው ለጉራጌ ደጋ ልጆች ምሳሌው ሩቅ አይደለም።

የስሌቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በኮከብ ውስጥ ሁለት ኃይሎች ይታገላሉ። አንደኛው ቁሱን ሁሉ ወደ ውስጥ የሚስበው ስበት ነው። ሁለተኛው ወደ ውጭ የሚገፋው የጋለው ጋዝ ግፊትና የብርሃኑ ግፊት ነው። ብርሃን ሲገፋ በእጃችን አይሰማንም፤ ነገር ግን እንፋሎት የድስቱን ክዳን እንደሚያነሣ ሁሉ፥ በኮከብ ውስጥ የታመቀ ብርሃንም በላዩ ያለውን ቁስ ያነሣል። በፀሐይ ውስጥ የብርሃን ግፊት እጅግ ትንሽ ነው። ኮከቡ በከበደ መጠን ግን ብርሃኑ ከክብደቱ ይልቅ በፍጥነት ይጨምራል፤ ከፀሐይ 10 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ብርሃኑ በሺህ በሚቆጠር እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ እያለ ሲሄድ የብርሃኑ ግፊት ስበቱን ሊስተካከል ይቃረባል፤ ከዚያም በላይኛው ገጽ ያለው ጋዝ ሊያዝ አይችልም፤ ወደ ጠፈር ይበተናል። ይህ እስከ ዛሬ የኤዲንግተን ድንበር ተብሎ ይጠራል።

ነገር ግን ይህ ድንበር አንድ ቁጥር የተጻፈበት የድንበር ድንጋይ አይደለም። እጅግ በከባዶቹ ከዋክብት ዘንድ የብርሃኑ አጨማመር ስለሚቀንስ፥ ኮከቡ ወደ ድንበሩ እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ በአንድ የታወቀ ክብደት ላይ ወዲያው አይፈርስም። ስለዚህ ሌሎች ሊቃውንት ሌላ ምክንያት ፈለጉ። ቤልጅጋዊው ፖል ሌዱ በ1941፥ እጅግ የከበደ ኮከብ እንደ ልብ መምታት እንደሚጀምር፥ ምቱም እየበረታ እንደሚሄድና ድንበሩ ወደ 100 ፀሐይ እንደሚሆን አሰላ። በ1959 በፕሪንስተን የነበሩት ማርቲን ሽዋርዝሺልድና ሪቻርድ ሄርም ቁጥሩን ወደ 60 ፀሐይ አወረዱት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ስሌቱ በኤሌክትሮኒክ ማስሊያ በሰፊው ሲሠራ፥ ምቱ ኮከቡን እንደማያፈርሰው፥ ጥቂት ጥቂት ቁስ እንዲያጣ ብቻ እንደሚያደርገው ታወቀ። የ60 ፀሐይ ድንበርም በዚህ ተነሣ።

3. በ1843 የደመቀው ኮከብ

ከባድ ከዋክብት ሰላም የሌላቸው መሆናቸውን ሰማይ ራሱ አንድ ጊዜ በግልጥ አሳይቷል። በደቡብ ሰማይ ኤታ ካሪና የሚባል ኮከብ አለ። በ1837 መጨረሻ ጆን ሄርሸል በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ሆኖ ሲመለከት፥ ይህ ኮከብ ሳይታሰብ እጅግ ደምቆ አገኘው። በ1843 በመጋቢት ድምቀቱ ከሲርየስ በቀር የሚበልጠው እስከማይኖር ድረስ ደረሰ። ያን ጊዜ ሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ትተዳደር ነበር። በዚያ ወር ሌሊት ከጉራጌ ተራሮች ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚመለከት እረኛም ሆነ መንገደኛ፥ ኮከቡ ከአድማሱ 22 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ በግልጥ የሚታይ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየደበዘዘ ሄዶ በዓይን የማይታይ ሆነ፤ ዛሬ እንደ ገና ደምቆ ያለ መሣሪያ ይታያል።

በዚያ ጊዜ ኮከቡ ከ10 ፀሐይ የሚበልጥ ቁስ ወደ ውጭ ወርውሯል። ክብደቱም ወደ 100 ፀሐይ እንደሚሆን ይገመታል። ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ኮከብ ሲቆጠር ቆይቶ፥ በ1990ዎቹ ብራዚላዊው አውጉስቶ ዳሚኔሊ ብርሃኑ በየአምስት ዓመት ተኩሉ እንደሚለዋወጥ አሳየ፤ በዚህም ጓደኛ ያለው፥ ማለት ሁለት ኮከብ መሆኑ ታወቀ። እንደ ገና አንድ የተባለው ሁለት ሆነ።

4. የ2500 ፀሐይ ኮከብ ታሪክ

አሁን በመግቢያችን ወደ ጠቀስነው ደመና እንመለስ። በታላቁ የማጌላን ደመና ውስጥ ታራንቱላ፥ ማለት ሸረሪት፥ የሚባል የጋዝ ጉም አለ። በመካከሉ እጅግ ደማቅ ነጥብ ይገኛል። በ1960 በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ የራድክሊፍ ኦብዘርቫቶሪ ሊቃውንት የሆኑት ፌስት፥ ታከሬይና ቬሴሊንክ በማጌላን ደመናዎች ውስጥ ያሉትን ደማቅ ከዋክብት በዝርዝር ሲያወጡ፥ ይህን ነጥብ በ136ኛው ቁጥር መዘገቡት። ከራድክሊፍ መጀመሪያ ፊደል ጋር አር 136 ተባለ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ይህ ስም በአፍሪካ ምድር የተሰጠ ስም ነው።

በ1981 ካሲኔሊና ጓደኞቹ በአሜሪካ ሆነው፥ በሳተላይት ከተገኘው የዚህ ነጥብ ብርሃን ተነሥተው፥ የነጥቡ መካከል አንድ ኮከብ ከሆነ ክብደቱ 2500 ፀሐይ ያህል መሆን አለበት ብለው ጻፉ። አሳባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዙሪያው ያለውን ጉም ለማብራት የሚያስፈልገው ብርሃን እጅግ ብዙ ነው፤ በዚያን ጊዜ በነበረውም መሣሪያ ነጥቡ አልተከፈለም። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ የተሠራው የድንበር ስሌት ሁሉ በዚህ አንድ ነጥብ ሊሻር ሆነ።

በመስቀል ዋዜማ ማታ በየመንደሩ ደመራ ሲለኮስ ከተራራ ሆኖ ወደ ታች የተመለከተ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። በቅርብ ያሉት እሳቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በሩቅ ያለው መንደር ግን አንድ ትልቅ እሳት ሆኖ ይታያል። ያ እሳት ምን ያህል እንጨት እንደ ፈጀ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ አስቀድሞ አንድ መሆኑን ካላረጋገጠ፥ ከተራራ የሚበልጥ ደመራ ተደመረ ብሎ ሊናገር ነው።

በ1985 ጀርመናውያኑ ገርድ ቫይገልትና ጌርሃርድ ባየር ይህን አጣሩ። ዘዴያቸው የሚደነቅ ነው። የከዋክብትን ምስል የሚያደበዝዘው የአየር መናወጥ ስለ ሆነ፥ አየሩ ከመናወጡ በፊት በሴኮንድ ክፍልፋይ ውስጥ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ እንዲህ ያሉ ብዙ ፎቶግራፎችንም በስሌት ያዋሕዳሉ። በዚህ መንገድ ያ አንድ የተባለው ነጥብ ቢያንስ 8 ከዋክብት ሆኖ ተገኘ። ቆይቶም ከአየር በላይ የሚዞረው ሀብል ቴሌስኮፕ ይህንኑ አረጋገጠ። የ2500 ፀሐይ ኮከብ ዕድሜው 4 ዓመት ብቻ ሆነ።

5. ድንበሩ ዛሬ

ከዚህ በኋላ ጥያቄው በሌላ መልክ መጣ። በ2005 ዶናልድ ፋይገር በፍኖተ ሐሊብ መካከል አጠገብ የሚገኝ የወጣት ከዋክብት ስብስብ መርምሮ፥ ከ130 ፀሐይ በላይ የሚከብዱ ብዙ ከዋክብት ሊገኙ ሲገባ አንድም አለመገኘቱን አሳየ። በዚህም መሠረት ድንበሩ 150 ፀሐይ ያህል ነው አለ። ይህ ለጥቂት ዓመታት እንደ ሕግ ተያዘ።

በ2010 ግን የእንግሊዝ አገር ሊቅ ፖል ክራውዘርና ጓደኞቹ በቺሊ ባለው ታላቅ ቴሌስኮፕ አር 136ን እንደ ገና መርምረው፥ ከከዋክብቱ ዋናው፥ አር 136ኤ1 የሚባለው፥ 265 ፀሐይ እንደሚከብድ፥ ሲወለድም 320 ፀሐይ እንደ ነበረ አስታወቁ። የጎደለው ራሱ በሚያፈልቀው ብርቱ ነፋስ የተወሰደ ነው። በ2022 ቬኑ ካላሪና ጓደኞቹ እዚያው ቺሊ ባለ ሌላ ቴሌስኮፕ ከቀድሞው ይልቅ የጠራ ፎቶግራፍ አንሥተው፥ የኮከቡን ብርሃን ከጎረቤቶቹ ብርሃን በሚገባ ቢለዩ፥ ክብደቱ ከ170 እስከ 230 ፀሐይ ባለው መካከል እንደሚሆን አገኙ። መሣሪያው ሲጠራ ኮከቡ አሁንም ቀለለ። እንዲህም ሆኖ ከሚታወቁት ከዋክብት በክብደት የመጀመሪያውን ስፍራ ይዟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። አር 136ኤ1 ከብርሃኑና ከሙቀቱ ተሰልቶ ነው እንጂ በጓደኛ ሚዛን አልተመዘነም። በሁለት ሰሐን ሚዛን የተመዘኑት ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው። በ2004 በደቡብ ሰማይ እያንዳንዳቸው 80 ፀሐይ ያህል የሚከብዱ ጥንዶች ተመዘኑ። በ2008 ኤን ጂ ሲ 3603 በሚባለው ስብስብ ውስጥ አንደኛው 116፥ ሁለተኛው 89 ፀሐይ የሆኑ ጥንዶች ተገኙ። በ2019 ደግሞ በዚያው በታራንቱላ ውስጥ መልኒክ 34 የሚባሉት ጥንዶች 139 እና 127 ፀሐይ ሆነው ተመዘኑ። እንግዲህ በሚዛን የጸናው ወደ 140 ፀሐይ፥ በስሌት የተገመተው ወደ 200 ፀሐይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

መደምደሚያ

ካየነው ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፥ የከዋክብት ክብደት ድንበር በእርግጥ መኖሩ ነው። የብርሃን ግፊትና ብርቱው ነፋስ ኮከብን ያለ ልክ እንዲያድግ አይለቁትም። እጅግ የከበደ ኮከብ ነዳጁን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ይፈጃል፤ የእኛ ፀሐይ ግን 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ተሰጥቷታል። ከባዶቹ ከዋክብት ቢያልፉም ሥራቸው ይቀራል፤ የምንተነፍሰው ኦክስጅን አብዛኛው የተሠራው በእነርሱ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለማንኛውም ተመራማሪ የሚጠቅም ነው። ፕላስኬት የመዘናቸው ከዋክብት ቀለሉ፤ ኤታ ካሪና ሁለት ሆነ፤ የ2500 ፀሐዩ ኮከብ ቢያንስ ስምንት ሆነ፤ አር 136ኤ1 ራሱ ከ265 ወረደ። «ምን ያህል ይከብዳል?» ከማለት በፊት «አንድ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል ማለት ነው። በ1981 የጻፉት ሊቃውንት ሊታሙ አይገባም። «አንድ ኮከብ ከሆነ» ብለው ስሌታቸውን በግልጥ ስላቀረቡ፥ ሌሎች ሊያርሙት ቻሉ። ግምቱን ከነምክንያቱ የማይጽፍ ሰው ስሕተቱ አይታረምለትም።

ይህ ሁሉ ሥራ የተሠራው ለዓይናችን ቅርብ በሆነ ሰማይ ላይ ነው። በአገራችን በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በእነዚህ አር 136ን መክፈል አይቻል ይሆናል፤ የኤታ ካሪናን የብርሃን መለዋወጥ መከታተል ግን ይቻላል። ቴሌስኮፕ የሌለንም ብንሆን የምንሠራው አለ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት የጠሩ ሌሊቶች ኤታ ካሪናን በአቅራቢያው ካሉት ከዋክብት ጋር እያነጻጸሩ ድምቀቱን ከነቀኑና ከነሰዓቱ መመዝገብ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይፈልጋል። በ1843 ከተራሮቻችን ሊታይ ይችል የነበረው ያ ድምቀት እንደ ገና ቢመለስ፥ ከወልቂጤና ከቡታጅራ የተጻፈ መዝገብ ቢገኝ ለትውልድ ይጠቅማል። እንግዲህ ከጓደኞቻችን መካከል ይህን ሥራ ለመጀመር ፈቃደኛ የሚሆኑ ቢገኙ፥ ይህ ጽሑፍ ዋጋውን አገኘ ማለት ነው።